«ከአንቺ ጋር ሮም ሄጄ ምን እሠራለሁ?» አለኝ

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከወደ ጀርመን አገር የመጣ ነው። ጸሐፊዋ ፍራንክፈርት የሚኖሩ፣ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት የሌሊት ፈረቃ የሚሠሩ እናት ናቸው። ስማቸው እንዳይወጣ ስለጠየቁ አላወጣነውም። ደብዳቤያቸው ረዘም ያለ ስለሆነ ፍሬ ነገሩን ብቻ አቅርቤዋለሁ።

«...የ16 ዓመት ወንድ ልጅና የ13 ዓመት ሴት ልጅ አሉኝ። ከአባታቸው ጋር ከተለያየን ስድስት ዓመት ሆኖናል። እኔ ከሥራ ስገባ እነሱ ይወጣሉ፤ እነሱ ሲገቡ እኔ እተኛለሁ። በአማርኛ ሳናግራቸው በጀርመንኛ ይመልሱልኛል። በኦክቶበሩ የትምህርት ቤት ዕረፍት አራት ቀን አብረን ሮምን እንድናይ ብዬ ከዓመት በላይ ገንዘብ አጠራቀምኩ። የምናያቸውን ቦታዎች በሙሉ ደብተር ላይ ጽፌ ጨርሻለሁ፤ አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ደስ ብሎኝ ሳሳያቸው ትንሿ ‹ዋይፋይ አለው?› አለች። ትልቁ ደግሞ ‹ከአንቺ ጋር ሮም ሄጄ ምን እሠራለሁ? ኳስ ካላሳየሽኝ እዚሁ ተዪኝ› አለኝ። መኝታ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ትምህርቱን ጨርሶ ከቤት መውጣቱ ነው። ሳንተዋወቅ ልንለያይ ነው። ጓደኛዬ ‹አስገድደሽ ውሰጃቸው› ትላለች፤ ወንድሜ ደግሞ ‹ገንዘብሽን አታባክኚ› ይላል። ምን ትመክሩኛላችሁ? ሌላው፣ እንጀራ ይዤ ብሄድ ይፈቀዳል ወይ?»

እህቴ፣ በቅድሚያ ያስለቀሰዎትን ነገር እንየው። ልጅዎ እኮ «አልሄድም» አላለም! «ኳስ ካላሳየሽኝ» ነው ያለው። ይኼ ድርድር ነው። ገበያ ወጥቶ ዋጋ የሚከራከር ሰው ዕቃውን ፈልጎታል ማለት ነው፤ ያልፈለገውማ ዝም ብሎ ያልፋል። ትንሿም ብትሆን «ዋይፋይ አለው?» ስትል መሄዱን ተቀብላ ነው ስለ ማረፊያው የጠየቀችው። እርስዎ ግን አሥራ ዘጠኝ ቦታ የተጻፈበት ደብተር ይዘው ስለጠበቋቸው ጆሮዎ ላይ የቀረው እምቢታው ብቻ ሆነ።

እንግዲህ እኔ ከጓደኛዎም ከወንድምዎም ጋር አልስማማም። ይሂዱ፤ ልጆቹንም ይውሰዱ። ደብተሩን ግን ቤት ይተዉት።

«ለመሆኑ ይቺ ጸሐፊ ስለ ልጅ ምን ታውቃለች?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ልክ ነው፣ የራሴ ልጅ የለኝም። ነገር ግን ሮም ውስጥ በሰው ቤት ሦስት ዓመት ስሠራ የቤቱ ልጆች አንዱ 15 አንዷ 14 ዓመታቸው ነበር። ቤተሰቡ ለአራት ቀን ፓሪስ ሲሄድ እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። አባትየው በሰዓት የተከፋፈለ ፕሮግራም ነበራቸው። በሁለተኛው ቀን ሉቭር ሙዚየም ውስጥ ልጁ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አለና «ከዚህ አልነሳም» አለ። አባት ጮኹ፤ ሰዉ ሞናሊዛን ትቶ እኛን ያይ ጀመር። በማግስቱ እናትየው ምንም ሳይናገሩ የሜትሮውን ካርታ ለልጁ ሰጡትና «ዛሬ የምትመራን አንተ ነህ፤ የት እንደምንበላ ደግሞ እህትህ ትወስናለች» አሉት። ያ እስከ ረፋድ የሚተኛ ጎረምሳ ጫማውን አሥሮ በር ላይ ጠበቀን! ሁለት ጊዜ በተሳሳተ ባቡር አሳፈረን፤ ማንም ቃል አልተነፈሰም። እስከ ዛሬ ሲደውሉልኝ ፓሪስን ካነሱ የሚያወሩት ስለዚያ ቀን ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። አንድ ቀን እራት ላይ ሦስት ቁራጭ ወረቀት ያውጡና እያንዳንዳችሁ ሁለት ሁለት ነገር ጻፉ። እርስዎም ሁለት ብቻ! ስድስት ነገር ለአራት ቀን ይበቃል፤ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቀን በመንገድ የሚያልቅ ነው። አንዱ የመረጠውን ሌላው «ይኼ ደግሞ ምን ይሠራል» ብሎ ማጣጣል ክልክል ይሁን። ይኼ ሕግ እናትንም ይመለከታል፤ ኳሱን በተመለከተ በተለይ።

አዎ፣ ኳሱ። ሮም ድረስ ሄዶ ኳስ ማየት ለእርስዎ ገንዘብ መጣል ሊመስልዎት ይችላል። ግን ሮማና ላዚዮ ሁለቱም የሚጫወቱበት የኦሎምፒክ ስታዲየም ለእርሱ ከቅዱስ ጴጥሮስ የማያንስ ቦታ ነው፤ ምን ያድርግ፣ ዕድሜው ነው። ሥራውን ለራሱ ይስጡት። «ጨዋታ መኖሩን፣ ቀኑን፣ የሦስት ሰው ዋጋውን አጣርተህ አምጣልኝ» ይበሉት። የጣሊያን ሊግ የጨዋታ ቀንና ሰዓት ቁርጡ የሚታወቀው ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ነው፤ በዚያ ወቅት ደግሞ ለብሔራዊ ቡድኖች ተብሎ ሊጉ የሚቋረጥበት ጊዜ ስላለ አውሮፕላኑን ከመቁረጣችሁ በፊት ይመልከተው። ቲኬቱ በስም ስለሚቆረጥ ስታዲየሙ በር ላይ ፓስፖርት ወይም መታወቂያ ይጠየቃል። ከጎሎቹ ጀርባ ያሉት «ኩርቫ» የሚባሉት ቦታዎች ዋጋቸው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ጭፈራውና ጭሱ የሚበዛው እዚያ ስለሆነ ከትንሿ ጋር በጎን በኩል ተቀመጡ። ጨዋታ ከሌለም ልጁ ራሱ አጣርቶ ያወቀው ስለሚሆን ኩርፊያው የእርስዎ ዕዳ አይሆንም።

ወደ መንገዱ ስንመጣ ወረቀት ይቅደም። የእርስዎ ፓስፖርት የኢትዮጵያ ከሆነ፣ ከጀርመን የመኖሪያ ፈቃድዎ ጋር ተይዞ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ድረስ ጣሊያን መቆየት ያስችልዎታል፤ ሌላ ቪዛ አያስፈልግዎትም። የሁለቱም ጊዜ እንዳላለፈ ከአሁኑ ይዩት። ልጆቹን ብቻዎን ይዘው ስለሚሄዱ ከአባታቸው አጭር የፈቃድ ደብዳቤ ቢያጽፉ አይከፋም። ላይጠየቁ ይችላሉ፤ ግን ቦርሳ ውስጥ ቢቀመጥ አይከብድም።

ርካሽ የአውሮፕላን ቲኬት ሲያዩ ደግሞ ልብዎ አይሸፍት። «ፍራንክፈርት ሃን» የሚባለው ማረፊያ ስሙ ፍራንክፈርት ይሁን እንጂ ከከተማው ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ሻንጣውንም ቤት ውስጥ በሜትር ይለኩት፤ እነዚህ ርካሽ አየር መንገዶች በቲኬቱ የማሩዎትን በሻንጣው ያስከፍሉዎታል። ሮም ፊዩሚቺኖ ካረፋችሁ ወደ ተርሚኒ ጣቢያ በግማሽ ሰዓት የሚያደርሰው ፈጣን ባቡር ለአንድ ሰው 14 ዩሮ ነው። ነጩ ታክሲ ወደ መሃል ከተማ 55 ዩሮ ቁርጥ ዋጋ አለው፤ ለሦስት ሰው ልዩነቱ 13 ዩሮ ብቻ ነው። ሻንጣ ለበዛበት ታክሲው ይሻላል። እኔ ግን ለእናንተ ባቡሩን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱን ቆይቼ እነግርዎታለሁ።

ማረፊያ። እባክዎ ሦስት አልጋ ያለው አንድ ክፍል እንዳይከራዩ። የ16 ዓመት ጎረምሳና የ13 ዓመት ኮረዳ በር ሊዘጉ ይፈልጋሉ፤ በሌሊት ፈረቃ የደከመ ሰውም እንደዚያው። ትንሽ አፓርታማ፣ ሁለት ክፍል ያለው፣ ሜትሮ አጠገብ ይፈልጉ። በተርሚኒ ዙሪያ ርካሽ ይገኛል፤ ማታ ማታ ግን ሰፈሩ አይመቸኝም። ሳን ጆቫኒ አካባቢ ቢሆን እኔ እመርጣለሁ፤ ሜትሮ አለው፣ የሰው መኖሪያ ሰፈር ነው፣ ወደ ኮሎሲየም በእግር ይደረሳል። ሆቴልም ይሁን አፓርታማ ከክራዩ ሌላ ለከተማው በነፍስ ወከፍ በየሌሊቱ የሚከፈል ቀረጥ አለ፤ ከእሱ ነፃ የሚሆኑት ከ10 ዓመት በታች ያሉ ስለሆኑ የእርስዎዎቹ ይከፍላሉ።

ከእርስዎ ሁለት ምርጫዎች አንዱ ኮሎሲየም እንደሚሆን ገምቻለሁ። መደበኛው ቲኬት 18 ዩሮ ነው፤ ከ18 ዓመት በታች ያሉት በነፃ ይገባሉ። ነፃ ማለት ግን ዝም ብሎ መግባት አይደለም፤ የእነሱም ቲኬት አብሮ መያዝ አለበት፣ ስማቸውም ይጻፋል፣ በር ላይ መታወቂያ ይታያል። በራሱ በኮሎሲየሙ ድረ ገጽ ከ30 ቀን በፊት ሽያጭ ሲከፈት ወዲያው ይግዙ፤ ከቆዩ በአስጎብኚዎች በኩል እጥፍ ከፍለው ነው የሚገቡት። በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ ለሁሉም ሰው ነፃ ነው ሲባል ሰምተው ከሆነ ይርሱት። ልጆቹ ሁልጊዜም ነፃ ናቸው፤ እርስዎ 18 ዩሮ ለማዳን ብለው ሦስት ሰው ፀሐይ ላይ ማሰለፍ ምን የሚሉት ቁጠባ ነው?

ሁለተኛው ምርጫዎ ቫቲካን ከሆነ ግን አንድ ነገር ልለምንዎት፤ ሙዚየሙን ትተው ጉልላቱን ይውጡ። ሙዚየሙ ትልቅ ነገር ነው፣ አልክድም። ሲስቲን ቤተ ጸሎት የሚገኘው ግን ያን ሁሉ ኮሪደር ከጨረሱ በኋላ ነው፤ እዚያ ሲደርሱ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፤ ትንሿ ምን እንደምትል ከአሁኑ ይሰማኛል። የቅዱስ ጴጥሮስ ጉልላት 551 ደረጃ ነው፤ በአሳንሰር ቢጀምሩም 320ው ይቀራል። ልጆቹ ይሮጡታል፤ እርስዎ እየተነፈሱ ይከተላሉ፤ ላይ ሲደርሱ ሮም በሙሉ ከእግርዎ ሥር ናት። ትከሻና ጉልበት ያልተሸፈነ ሰው አያስገቡም፤ ይኼን ለልጅዎ ሻንጣ ከመታሸጉ በፊት ይንገሯት እንጂ በር ላይ አይሁን።

እዚያው ከባዚሊካው ጀርባ ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ የሚባል ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከ15ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች ማረፊያ ነበር። አባ ተስፋ ጽዮን አዲስ ኪዳንን በግዕዝ እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 ሮም ላይ ያሳተሙት እዚያ ሲኖሩ ነው። ዘው ተብሎ የሚገባበት አይደለም፤ ግን ከጉልላቱ ላይ ሆናችሁ ወደ ቫቲካን አትክልት ስትመለከቱ በዚያ በኩል መሆኑን መንገር ይቻላል።

አሁን ወደ ባቡሩ ልመለስ። ከተርሚኒ ጣቢያ ስትወጡ የምትረግጡት አደባባይ «ፒያሳ ዴይ ቺንኴቼንቶ» ይባላል፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ማለት ነው። አምስት መቶዎቹ እነማን ናቸው? በ1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ዛሬ ኤርትራ ውስጥ በምትገኘው ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። በአቅራቢያው የመታሰቢያ ሐውልታቸው አለ። ፋሺስቶች ከአዲስ አበባ ነቅለው የወሰዱትን የይሁዳ አንበሳ ያቆሙት እዚሁ ሐውልት ዘንድ ነበር፤ ዘርዓይ ደረስ በ1930 ዓ.ም. ጎራዴውን የመዘዘው እዚሁ ነው። አንበሳው በኋላ አገሩ ገብቷል። ይኼን ሻንጣችሁን እየጎተታችሁ በሁለት ደቂቃ ይንገሯቸውና ዝም ይበሉ። «ታሪካችሁን አታውቁም፣ ፈረንጅ ሆናችሁ ቀራችሁ» የሚለውን ስብከት አደራ! ልጅ በስብከት ጆሮውን ይዘጋል፤ ቆሞ ያየውን ቦታ ግን ማታ በስልኩ ራሱ ይፈልገዋል። ጎረምሳ ደግሞ የጎራዴ ወሬ ይወዳል።

ጊዜ ከተረፋችሁ «ቺርኮ ማሲሞ» በሚባለው የሜትሮ ጣቢያ ውረዱ። ከጣቢያው አጠገብ ፖርታ ካፔና የሚባለው አደባባይ የአክሱም ሐውልት የቆመበት ነው። በ1929 ዓ.ም. ተጭኖ የሄደው ሐውልት የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ አክሱም ላይ ዳግመኛ ቆሞ የተመረቀው በነሐሴ 2000 ዓ.ም.። አሁን በሥፍራው ለሴፕቴምበር 11 ሟቾች መታሰቢያ የሆኑ ሁለት ዓምዶች አሉ። ከዚያ ወደ አቬንቲኖ ኮረብታ ብትወጡ አንድ የተዘጋ ትልቅ በር አለ፤ በቁልፍ ቀዳዳው አጮልቃችሁ ስታዩ የቅዱስ ጴጥሮስ ጉልላት ልክ መሃሉ ላይ ተሰክቶ ይታያል። በነፃ ነው፤ ለትንሿ ፎቶም ይሆናል።

የትንሿን ምርጫ እኔ አላውቅም፣ ራሷ ትጻፍ። ልብስ የምትወድ ከሆነች እሑድ ጠዋት ፖርታ ፖርቴዜ የሚባለው ገበያ አለ። አሮጌ ጃኬት፣ ጫማ፣ ቀለበት፣ የማይገኝ ነገር የለም፤ ከቀትር በኋላ ይበተናል። ከመርካቶ ሰው ዋጋ ለማስቀነስ ማን ሊያስተምርዎት! ቦርሳዎን ከፊት ይያዙ፤ ኪስ አውላቂው እዚያም፣ ከተርሚኒ ወደ ቫቲካን በሚሄደው በ64 ቁጥር አውቶቡስም ሥራ አይፈታም።

ወንድየውን ደግሞ ለሁለት ሰዓት ብቻውን ይልቀቁት። ደነገጡ አይደል? ፍራንክፈርት ውስጥ እርስዎ ተኝተው ብቻውን ይውል የለ እንዴ! ቪያ ዴል ኮርሶ ከፒያሳ ቬኔዚያ እስከ ፒያሳ ዴል ፖፖሎ ቀጥ ያለ የሱቅ መንገድ ነው፤ ሕፃን እንኳ አይጠፋበትም። ፖፖሎ አደባባይ መሃል ካለው ረጅም ሐውልት ሥር በዚህ ሰዓት እንገናኝ ተባባሉ። የጀርመን ስልካቸው በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ውስጥ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሠራል። «እህትህን ይዘሃት ሂድ» ብለው ግን ዘበኛ እንዳያደርጉት፤ የሁለቱም ሽርሽር ይበላሻል።

ገንዘብም እንደዚሁ። ለእያንዳንዳቸው የአራት ቀን የኪስ ገንዘብ፣ አቅምዎ 40 ይሁን 50 ዩሮ፣ የመጀመሪያው ቀን በእጃቸው ይስጡ። ምን ገዛህ ብሎ መጠየቅ የለም፤ አለቀብኝ ብሎ መምጣትም የለም። ወጪ ለመቀነስ ብዙ መንገድ አለ። ለቡና ባንኮኒው ላይ ቆማችሁ ጠጡ፤ ከተቀመጣችሁ ዋጋው ይጨምራል። ምሳ በሚዛን ተቆርጦ የሚሸጥ ፒዛ ይበቃችኋል። ውኃ አትግዙ፤ በከተማው ከ2,000 በላይ የሕዝብ ቧንቧ ቀን ከሌት ንጹሕ ውኃ ያፈሳል፣ ጠርሙስ ይያዙ። ስፔን ደረጃዎች የሚባሉት ላይ ግን እግራችሁ ቢዝልም አትቀመጡ፤ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ያስቀጣል፣ ቅጣቱም እስከ 250 ዩሮ ይደርሳል።

የቋንቋውን ነገር አልረሳሁትም፤ ከደብዳቤዎ ውስጥ የከበደኝ እሱ ነው። ጀርመን አገር ቢሮ ስትሄዱ የሚያስተረጉሙልዎት ልጆችዎ ናቸው ብዬ እገምታለሁ። ልጅ እናቱን ሲያስተረጉም ከርሞ እናቱ ምንም የማታውቅ ይመስለዋል። ሮም ላይ ግን ሦስታችሁም ጣሊያንኛ አትችሉም! እንዲያውም እርስዎ ይበልጧቸዋል። እንዴት ቢሉ፣ መንገድ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ፦ የዳቦ ቤቱ ታፔላ ፉርኖ ነው፣ ገበያው መርካቶ፣ መኪና ማጠቢያው ላቫጆ፣ በየሱቁ የተሰቀለው ቦርሳ፣ በየጥጉ የሚሸጠው ጋዜጣ። ከአዲስ አበባ ይዘውት የወጡት አማርኛ ውስጥ ያሉ ቃላት ናቸው። ልጆቹ «አንቺ ጣሊያንኛ ከየት አመጣሽ?» ማለታቸው አይቀርም። ያን ጊዜ ይንገሯቸው፤ ስለ ልጅነትዎ፣ ስለ ሰፈርዎ፣ ፉርኖ ሊገዙ ተልከው መንገድ ላይ ጫፉን ስለበሉበት ቀን። በጀርመንኛ ከመለሱልዎት ይመልሱ፣ አይቆጡ። እርስዎ ብቻ በአማርኛ ይቀጥሉ።

ማታ ማታ እራት ላይ ስልክ ሁሉ እርስዎ ቦርሳ ውስጥ ይግባ። የእርስዎም ጭምር! ለዘመድ ፎቶ መላኩ ሌሊት ይደርሳል። ከዚህ ሌላ ሕግ አያውጡ። ጠዋት እስከ 3 ሰዓት ይተኙ፤ እርስዎም ይተኙ እንጂ፣ ዕረፍት የወጡት እርስዎ ነዎት።

እንጀራውን በተመለከተ፣ ለአራት ቀን ሻንጣ አያጣብቡ። በተርሚኒ አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ሞልተዋል፤ በመጀመሪያው ቀን ግን እንዳይገቡ፣ ልጆቹ «ለዚህ ነው ሮም የመጣነው?» ይሉዎታል። የመጨረሻው ማታ ይሁን፤ ያኔ ፒዛው ሰልችቷቸው ራሳቸው ይጠይቁዎታል። ካልጠየቁም እርስዎ ባቡር ከመሳፈርዎ በፊት ብቻዎን ገብተው አንድ ሽሮ ይብሉ፤ እነሱ ጣቢያው ውስጥ ሻንጣ ይጠብቁ።